የሊኑክስ ዴስክቶፕ ስትመርጡ መጀመሪያ «ማን ነው የሚቀመጥበት?» ብላችሁ ጠይቁ



የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ሊኑክስ ልጭን ነው፤ የትኛው ዴስክቶፕ ይሻለኛል?» ከጠያቂዎቹ መሃል የቀድሞ ተማሪዎቼ አሉ፣ የቢሮ ሠራተኞች አሉ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሲቲ የሚያስተምሩ ጓደኞቼም አሉ። ለእያንዳንዱ በአንድ መስመር «ይሄን ጫን» ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ግን መልሱ ለሁሉም አንድ ስላልሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ነገር ይዛችሁ አንብቡት።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ደስ ያለህን ምረጥ» የሚለው የተለመደ መልስ አይዋጥልኝም። ጨዋነት ይመስላል እንጂ ለጀማሪ ምንም አይነግረውም። ለአንድ ማሽንና ለአንድ ሰው ከሌላው የሚሻል ዴስክቶፕ አለ። የሚመረጠውም በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ማሽኑ ምን ይችላል? ቀጥሎ፣ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው እጁ ምን ለምዷል? የጫኚው ምርጫ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጫኚው ዩቲዩብ ላይ ያየውን ያማረ ስክሪን ይጭናል፤ ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ይታገላል፤ ከዚያ «ሊኑክስ ለኛ አይሆንም» ተብሎ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይመለሳል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰውየው ሊኑክስን ሞክሮ አልጠላውም፤ የማይሆነው ዴስክቶፕ ነው የተጫነለት።

ዴስክቶፕ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሊኑክስ ራሱ፣ ማለትም ከርነሉ፣ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገር የውስጥ ሞተር ነው። ዴስክቶፕ የምንለው ደግሞ ከላይ የምናየውና የምንነካው ነገር ሁሉ ነው፦ ታስክባሩ፣ ሜኑው፣ የመስኮቶቹ አከፋፈትና አዘጋግ፣ ፋይል የምናይበት ፕሮግራም፣ የዋይፋይና የድምፅ ምልክቶቹ፣ ሴቲንጉ። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚመጡ አንድ ነገር ይመስሉናል። ሊኑክስ ላይ ይለያያሉ። ያው ኡቡንቱ በግኖም ይመጣል፣ በኬዲኢ ፕላዝማ ይመጣል፣ በኤክስኤፍሲኢ ይመጣል። ሞተሩ አንድ ሆኖ መሪውና ዳሽቦርዱ የሚቀያየር መኪና አስቡ። ስለዚህ አንድ ሰው «ሊኑክስ ሞከርኩ፣ አልወደድኩትም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የቱን ዴስክቶፕ ነው ያየኸው?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ መልስ የላቸውም፤ ምርጫ እንዳለም አያውቁም።

ይሄ ሁሉ ምርጫ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የተባለ ጀርመናዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለተራ ተጠቃሚ የሚመች፣ ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ዴስክቶፕ አብረን እንሥራ ብሎ በኢንተርኔት ጥሪ አቀረበ። ኬዲኢ የተወለደው እንዲህ ነው። ግን ኬዲኢ የተሠራበት ኪውቲ የሚባለው መሣሪያ ያኔ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ስላልነበር በ1997 ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኳውያን ግኖምን ጀመሩ። ፈረንሳዊው ኦሊቪየ ፉርዳን ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ኤክስኤፍሲኢን በራሱ መንገድ እየገነባ ነበር። ሦስቱም ዛሬ ድረስ አሉ፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን በ2011 ነው። ግኖም 3 ወጣ፤ ሁሉም ነገር ተቀየረ። ሰው ለዓመታት የለመደው ሜኑ ጠፋ፣ ከታች ያለው የመስኮቶች ዝርዝር ጠፋ፣ መስኮት ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ ሳይቀር ተነሳ። ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተቆጥቶ ወደ ኤክስኤፍሲኢ ሄደ፤ ቆይቶ ነው ወደ ግኖም የተመለሰው። ሌሎች ደግሞ ዝም ብለው ከመናደድ የድሮውን ግኖም 2 ኮድ ወስደው «ማቴ» ብለው ቀጠሉበት። የሊኑክስ ሚንት ሰዎችም የለመድነውን አቀማመጥ በአዲሱ ቴክኖሎጂ እንሥራ ብለው ሲናመንን አወጡ።

ይህን የማወራው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ነጥቡን ተመልከቱት። የዓለም ምርጥ ፕሮግራመሮች እንኳን የለመዱት ቁልፍ ከቦታው ሲጠፋ ተናደዋል። እጅ የራሱ ትዝታ አለው። ታዲያ የአርባ አምስት ዓመት የቢሮ ጸሐፊ ከዊንዶውስ አውጥተን ምንም ታስክባር የሌለው ባዶ ስክሪን ፊት ስናስቀምጣት «ግራ ገባኝ» ብትል ጥፋቱ የማን ነው?

አንደኛ፦ ማሽኑ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። የሚገርመው፣ ኤትሪክ የኬዲኢን ጥሪ ያቀረበውም ልክ በዚያው ቀን ከ29 ዓመት በፊት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቂት ልዩነት ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ለአንድ ዓመት የሚራዘም የደኅንነት ማሻሻያ ፕሮግራም አለ፤ ግን እሱ ቀጠሮ ማራዘም ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

አሁን እጃችን ላይ ያለውን እንይ። ብዙዎቻችን የምንሠራው በሁለተኛ እጅ በተገዛ ላፕቶፕ ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 እና ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ባትሪው የደከመ። ይሄ ማሽን አልሞተም። ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ኮድ ይሠራበታል፣ ኢንተርኔት ይታይበታል። የሚጣል ዕቃ የሆነው አንድ ኩባንያ «ከዚህ በኋላ አላውቅህም» ስላለው ብቻ ነው። የሊኑክስ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የምትመርጡት ዴስክቶፕ ደግሞ ይህን ማሽን ያነሳዋል ወይም መልሶ ይጥለዋል።

ቁጥሩ እንደ ዲስትሮውና እንደ ቨርዥኑ ይለያያል፤ በግርድፉ ግን እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ ከ500 እስከ 800 ሜጋባይት ራም አካባቢ ይይዛሉ። ግኖም ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። ሲናመንና ኬዲኢ መሃል ላይ ናቸው። ኬዲኢ ከባድ ነው የሚለው ወሬ በ2008 ኬዲኢ 4 ከወጣበት ዘመን የቀረ ነው፤ የዛሬው ፕላዝማ ከሚታማው በጣም ይቀላል።

16 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። 4 ጊጋ ላለው ግን ብዙ ነው። ለምን ቢባል፣ ትልቁ በላተኛ ዴስክቶፑ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ፌስቡክና ዩቲዩብ፣ አንድ ሁለት የዜና ገጽ በተለያየ ታብ ሲከፈቱ በዴስክቶፖቹ መካከል ያለውን ልዩነት በእጥፍ ይበሉታል። ስለዚህ በትንሽ ማሽን ላይ ቀላል ዴስክቶፕ የምንመርጠው ለብራውዘሩ ቦታ ለመተው ነው። «ኤክስኤፍሲኢ ጭኜም ብራውዘር ስከፍት ይንቀራፈፋል» ለምትሉኝም መልሱ እዚያው ላይ ነው፤ ታብ ቀንሱ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብር ካላችሁ ስለ ዴስክቶፕ ከመጨነቃችሁ በፊት የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይሩት። አነስተኛው ኤስኤስዲ እንኳን ከየትኛውም ዴስክቶፕ ለውጥ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣችኋል። ከዚያ ራም ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ነው ዴስክቶፕ።

የኔ ምርጫ ባጭሩ፦

2 ጊጋ ራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤልኤክስኪውቲ። ሉቡንቱ ይዞት ይመጣል። ጽሑፍ ለመጻፍና ለቀላል ሥራ ይሆናል፤ ከባድ ድረ ገጽ ግን አትጠብቁበት።

4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ፣ ያለ ብዙ ክርክር። ዙቡንቱ፣ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፣ ዴቢያን፣ ሁሉም ላይ አለ። ማቴም ይሆናል።

8 ጊጋና ኤስኤስዲ ካለ ማሽኑ አይከለክላችሁም። ያኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እለፉ።

ሁለተኛ፦ ሰውየው

እኛ አገር የቢሮ ሰው ፋይሉን የት ነው የሚያስቀምጠው? ዴስክቶፕ ላይ! ደብዳቤው፣ ፔይሮሉ፣ የልጁ ልደት ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ተደርድሯል። ሳቁ፤ ግን እውነት ነው። ግኖም ደግሞ በተፈጥሮው ዴስክቶፕ ላይ ፋይል አያሳይም። ኡቡንቱ ጨምሮበት ነው የሚታየው፤ ፌዶራን ብትጭኑ ባዶ ስክሪን ነው። ለፕሮግራመር ይህ ንጽሕና ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ግን «ፋይሌ ጠፋ!» የሚያሰኝ ድንጋጤ ነው።

ስለዚህ ከዊንዶውስ ለሚመጣ፣ ኮምፒውተር የሥራ ዕቃው ብቻ ለሆነ ሰው፣ ሚንት ከሲናመን ጋር እላለሁ። ሜኑው በግራ ታች፣ ሰዓቱ በቀኝ ታች፣ ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ። የሚማረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ኬዲኢም ይህንኑ አቀማመጥ ይሰጣል፤ ችግሩ ሴቲንጉ ብዛቱ ነው። ነካ ነካ ማድረግ የሚወድ ሰው ታስክባሩን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ መመለሻው ሊጠፋው ይችላል። ሁለት ሞኒተር ለሚጠቀም፣ የስክሪኑን መጠን በሚፈልገው ልክ ማስተካከል ለሚፈልግ፣ ነገሩን አገላብጦ ለማየት ለማይሰንፍ ሰው ግን ኬዲኢን የሚያህል የለም።

ለእናት ለአባታችሁ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ የእናንተን ጣዕም ጨርሳችሁ እርሱት። ፊደሉን ትልቅ አድርጉት። ታስክባሩ ላይ ሦስት አራት ነገር ብቻ ይቀመጥ፦ ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ፎቶ። ዛሬ ያዩት ነገ እዚያው ቦታ ይቆያቸው። ሲናመን ወይም ማቴ ለዚህ ሁነኛ ናቸው፤ በየጊዜው መልካቸውን አይቀያይሩም።

ግኖምን እየነቀፍኩ የመሰላችሁ እንዳትኖሩ። ግኖም ለብዙ ሰው ምርጥ ነው። በላፕቶፕ ብቻ የሚሠራ፣ ኪቦርድ የሚወድ፣ አንድ ሥራ ላይ ማተኮር የሚፈልግ ሰው ከለመደው በኋላ አይለቀውም። ዓይነ ስውር ለሆነ ወይም እይታው ለደከመ ተጠቃሚ ደግሞ ግኖም ቀዳሚ ምርጫዬ ነው። ኦርካ የሚባለው ስክሪን አንባቢ ያደገው ከግኖም ጋር ነው፤ ማጉያውና ከፍተኛ ንፅፅሩም አብሮት አለ። ለዓይነ ስውር ተማሪ ኮምፒውተር ስታዘጋጁ «ይሄ ቀላል ነው» ብላችሁ ኦርካ በደንብ ያልተሞከረበትን ዴስክቶፕ አትስጡት።

የትምህርት ቤት ላብስ?

ይሄ የልቤ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። የኮምፒውተር ላብ አስቡ፤ ሠላሳ ማሽን። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ ማሻሻያ አይገባውም። አንድ ተማሪ ፍላሽ ሲሰካ ያች የምናውቃት ሾርትከት ቫይረስ ገብታ ፋይሉን ሁሉ ትደብቃለች፤ ያ ፍላሽ ቀጥሎ የሚሰካበት ማሽን ሁሉ ይለከፋል። ከዚያ ላቡ ይቆለፋል። ለዊንዶውስ የተጻፈችው ያቺ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አትነሳም። ይህ ብቻውን ላብ የሚያስከፍት ምክንያት ነው።

ግን ዴስክቶፑ ላይ ከተሳሳትን መምህሩ ራሱ አይቀበለውም። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የስታርት ሜኑ ነው፤ መምህሩም ያስተማረው እሱን ነው። ስለዚህ ለላብ የምመክረው ኤክስኤፍሲኢን ነው፤ አንድ ታስክባር ከታች፣ ሜኑ በግራ፣ ሊብሬኦፊስ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠላሳውም ማሽን አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ግኖም፣ አንዱ ኬዲኢ፣ አንዱ ማቴ የሆነበት ላብ ውስጥ «ሁላችሁም እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ» ማለት አይቻልም። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ተማሪ ታስክባሩን እንዳይቀይረው አስተዳዳሪው መቆለፍም ይችላል። ያስተማራችሁ ሰዎች ይሄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አማርኛ መጻፉስ?

በእንግሊዝኛ የሚወጡ የዴስክቶፕ ንጽጽሮች ይህችን ጥያቄ አያነሷትም። ለኛ ግን ወሳኝ ናት። አማርኛ የማይጻፍበት ዴስክቶፕ ምንም ቢያምር ለቢሮ አይሆንም።

ደስ የሚለው፣ በሁሉም ላይ ይጻፋል። የሚለየው የማዘጋጀቱ ልፋት ነው። አይባስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከእሱ ጋር ኤም17ኤን የሚባለውን ተጨማሪ ስትጭኑ «ሴራ» የሚባል የአማርኛ አጻጻፍ ይመጣል። ሰላም ለማለት በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ስትነኩ ሰላም ብሎ ይጽፍላችኋል። ሴራ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር በዳንኤል ያዕቆብና በይትና ፍርድይወቅ የተቀረጸ የግዕዝ ፊደልን በላቲን የመወከያ ሥርዓት ነው። ሰዎች ያኔ የለፉበት ሥራ ዛሬም በእያንዳንዱ ሊኑክስ ላይ እየሠራልን ነው።

ግኖም ላይ አይባስ አብሮ ስለሚመጣ ቀላሉ እሱ ነው። ኤም17ኤኑን ጫኑ፣ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ፣ ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትነኩ ቋንቋው ይቀያየራል። ሚንት ላይ «ኢንፑት ሜተድ» የሚል መስኮት አለ፤ ከእሱ አይባስን መርጣችሁ ወጥታችሁ ትገባላችሁ። ኤክስኤፍሲኢ ላይም እንዲሁ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ወጥቶ መግባት ይፈልጋል። ኬዲኢ ፕላዝማ 6 ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ፦ አይባስን ጭናችሁ አማርኛው እምቢ ካለ ሴቲንግ ውስጥ «ቨርቹዋል ኪቦርድ» የሚለው ጋ ገብታችሁ አይባስን ምረጡ። ስሙ ያሳስታል፤ ግን ቁልፉ እዚያ ነው ያለው።

ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ ዴስክቶፑን አትውቀሱ፤ ፎንት የለም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ጫኑ። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ተዘበራርቆ ከታየም የዴስክቶፑ ጥፋት አይደለም፤ ያ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ስለ ፋሽኑ አንድ ነገር

አሁን አሁን ወጣቶቻችን በቴሌግራም የሚለዋወጡት ስክሪንሾት አለ። ሃይፕርላንድ፣ መስኮቶቹ እንደ ንጣፍ ድንጋይ የተደረደሩ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ከጀርባ የአኒሜ ሥዕል። ያምራል፤ አልክድም። ኪቦርድ ብቻ እየተጠቀሙ ለሚሠሩ ልምድ ላላቸው ሰዎችም ትልቅ ጥቅም አለው። ግን ያንን ስክሪን ለማሳመር ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ተማሪ በዚያው ሦስት ሳምንት የፋይል ፈቃድ እንዴት እንደሚሠራ፣ ኔትወርክ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ አንድ አነስተኛ ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ ይማር ነበር። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሥራ ስትቀጠሩ የሚጠብቃችሁ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ዴስክቶፕ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥቁር ስክሪንና ትዕዛዝ ብቻ ነው።

«ምርጫው በዛ፣ አንድ ቢሆን ይሻል ነበር» ለምትሉ

ይህን ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ከነጥቡ ግማሹ ልክ ነው፤ ምርጫ ሲበዛ ጀማሪ ይደናገራል። ግን ሌላውን ጎን እዩት። ኡቡንቱ ዩኒቲ የሚባል የራሱን ዴስክቶፕ ለዓመታት ሲያስለምድ ቆይቶ በ2017 ትቼዋለሁ ብሎ ወደ ግኖም ተመለሰ። ተጠቃሚው ምን ሆነ? ቅር አለው፣ ግን ኮምፒውተሩን አልጣለም። ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ ሆኖ ሌላ ዴስክቶፕ ጫነና ቀጠለ። ግኖም 3 ያልተመቻቸውም እንዲሁ ማቴን ይዘው ቀጠሉ። አሁን ከዊንዶውስ 10 ጋር አወዳድሩት። እዚያ ውሳኔው የአንድ ኩባንያ ነው፤ የናንተ ድርሻ አዲስ ማሽን መግዛት ነው። ዶላር እንደኛ በሚወደድበት አገር ይህ የጣዕም ክርክር ሳይሆን የኪስ ጉዳይ ነው።

እንዴት ትሞክሩት?

ከመጫናችሁ በፊት ከፍላሽ አስነስታችሁ እዩት፤ ዲስካችሁን ሳይነካ ይሠራል። ስትሞክሩ ግድግዳውን ከምታዩ እነዚህን ፈትሹ፦ ዋይፋዩ ይያዛል? ድምፅ አለ? ፕሮጀክተር ይቀበላል? ላፕቶፑን ከድናችሁ ስትከፍቱት ይነሳል? የቢሮው ፕሪንተር ያትማል? ቀጥሎ ብራውዘር ከፍታችሁ በየቀኑ የምትጠቀሙባቸውን ገጾች አስኪዱ። ከፍላሽ ሲሠራ እንደሚዘገይ ግን ልብ በሉ፤ ፍጥነቱን በዚያ አትፍረዱት።

ዳታ ውድ ነው። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ሚንት የዚያ ግማሽ አካባቢ ነው። አንድ ሰው ያውርደው፣ በትክክል መውረዱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ በፍላሽ ተቀባበሉት። ክልክል አይደለም፤ ሕጋዊ ነው። ድሮ ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አሁን ያን ሥራ እኛው ለእርስ በርሳችን መሥራት እንችላለን።

ከጫናችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ቢያንስ ሦስት ወር አትቀይሩት። በየሳምንቱ ዴስክቶፕ የሚቀያይር ሰው የትኛውንም አያውቀውም። በአንድ ማሽን ላይ አራት አምስት ዴስክቶፕ መደራረብም አልወድም፤ ሁለት ፋይል አስተዳዳሪ፣ ሦስት ቴክስት ኤዲተር፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሴቲንግ ይከማቻል። ሁለተኛ መሞከር የግድ ከሆነባችሁ አዲስ ዩዘር ከፍታችሁ በእሱ ግቡና ሞክሩ።

ለፕሮግራመር ተማሪዎቼ የምላችሁ ደግሞ ይህን ነው። የእነዚህ ዴስክቶፖች የአማርኛ ትርጉም ያልተሟላ ነው። ሜኑው ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይታያል። ትርጉሙን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማንም መግባት ይችላል። ስክሪን ከማሳመር የተረፈውን ጊዜ እዚያ ብታውሉት አንዲት እንግሊዝኛ የማትችል እናት ኮምፒውተሯን በራሷ ቋንቋ ትከፍታለች።

ላሳጥረው። ማሽኑ ደካማ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሰውየው ከዊንዶውስ ከመጣ ሲናመን። ማስተካከል ለሚወድ ኬዲኢ። አዲስ አሠራር ለመልመድ ለተዘጋጀና ስክሪን አንባቢ ለሚያስፈልገው ግኖም። ለላብ አንድ ዓይነት፣ ቀላል፣ የማይቀያየር።

የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ የኬዲኢ ወገኖች ኮሜንት ላይ እንደምትጠብቁኝ ይታየኛል። ኑ፣ እንከራከር። ምርጫ የቸገራችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ራሙ ስንት ነው? ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ የድሮው? ማን ነው የሚቀመጥበት? በሦስተኛው ላይ ዋሽታችሁ ለእናታችሁ ሃይፕርላንድ እንዳትጭኑ ብቻ።

መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰ የላብ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ለአይሲቲ መምህሩ አድርሱለት። ከመጣሉ በፊት አንድ ፍላሽ ይሰካበት።

ሰላም ሁኑልኝ።